«አዎ ጋሼ»

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳይኮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዘንድሮ ሦስት ዓይነት ተማሪዎች ደረሱኝ፤ የራሳችን ዲፓርትመንት ልጆች፣ መምህር ለመሆን የሚማሩ፣ እና የሕግ ተማሪዎች። አንዱ ሴክሽን ብቻ ከ60 በላይ ነው። ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ ‹ሃንዳውት ስጪን፣ ፈተናውንም ከሱ አውጪልን።› ለሦስቱም ለየብቻ ስዘጋጅ እንቅልፍ አጣሁ።

ከሕግ ትምህርት ቤት አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ልጆች ፍርድ ቤት ቀርበው መመስከርን እንዴት እንደሚያዩት ልናጠና ተነሳን። ከእንግሊዝኛ የተረጎምኩትን 48 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ይዘን አንድ ትምህርት ቤት ሄድን። ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሞሉልን። ስሰበስበው አብዛኛው ልጅ ከላይ እስከ ታች ‹እስማማለሁ› ላይ ነው ምልክት ያደረገው። ‹ፍርድ ቤት ያስፈራኛል› የሚለውም ላይ፣ ‹ፍርድ ቤት አልፈራም› የሚለውም ላይ። አንድ ነባር ባልደረባዬ ግን ‹ዳታ ዳታ ነው፣ ጻፊው። እኔንም አስገቢኝ። በሁለት ሳምንት የሚያወጣ ጆርናል አውቃለሁ፣ ክፍያውን እንካፈላለን› ይለኛል። ዕድገቴ እንዳይዘገይ ፈራሁ። እሱን ማስቀየምም ከበደኝ። ልጻፈው? ወይስ ጥናቱን ትቼ ማስተማሩን ብቻ ልያዝ? አንድ ኤንጂኦም ሥራ አለ ብሎኛል። ሰ. ነኝ፣ ከሐዋሳ።»

እህቴ ሰ.፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። እንዳላንጠለጥልሽ መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። በዚያ ዳታ አትጻፊ። ወረቀቶቹን ግን አትጣያቸው። ማስተማሩንም ጥናቱንም አትተዪ። እንደ ሁለት ሥራ ስለያዝሻቸው ነው ይሄን ያህል የደከመሽ። የሦስቱ ክፍሎችሽም የጥናትሽም ችግር አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። አጠያየቅ ላይ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ባለፈው ቅዳሜ ያየሁት ነገር ከፊቴ አልጠፋ አለኝ። ዓሣ ልገዛ አሞራ ገደል ወርጄ ነበር። አንድ የ10 ዓመት ገደማ ልጅ ቆሮሶ ይዞ ቅርፊቱን ይፍቃል። «ዛሬ የወጣ ነው አይደል?» አልኩት። «አዎ ጋሼ» አለኝ፣ ቀና ሳይል። ትንሽ ቆየሁና «የትናንት ይመስላል እኮ። የትናንት ነው አይደል?» አልኩት። «አዎ ጋሼ» አለኝ ደግሞ፣ በዚያው ድምፅ።

ልጁ ሊዋሸኝ ፈልጎ አይደለም። ትልቅ ሰው ጠየቀው፣ እንዳሳደጉት በአክብሮት መለሰ። ለእኔ ነው የመለሰው፣ ለጥያቄዬ አይደለም። ቆይቼ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና «እስቲ ይሄ ዓሣ ከሐይቁ እዚህ እስኪደርስ የሆነውን ሁሉ ንገረኝ» አልኩት። ያኔ ቢላዋውን አስቀመጠ። ወንድሙ ሌሊት በጀልባ እንደገባ፣ አንድ አምባዛ ታግሎ መረቡን እንደቀደደው፣ ጎህ ሲቀድ እሱ ራሱ ዳር ወርዶ ሲስብ እግሩ እንደተንሸራተተ ነገረኝ። ቁስሉንም አሳየኝ። ዓሣው መቼ እንደወጣ ያወቅኩት ሳልጠይቀው ነው።

እናንተ ትምህርት ቤቱ የሄዳችሁ ዕለትም የሆነው ይሄው ይመስለኛል። ሁለት የተማሩ ሴቶች ከዩኒቨርሲቲ መጡ። ልጆቹ ብድግ ብለው ተቀበሏችሁ። ወረቀት ታደለ። መምህራቸው ዳር ላይ ቆሞ ያያል። ለአንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ ይሄ ፈተና ነው። ፈተና ላይ ደግሞ ባዶ አይተውም። እናም 48 ጊዜ «አዎ ቲቸር» አለሽ።

ይሄ የኛ ልጆች ጉድለት እንዳይመስልሽ። ማርቲን ሂዩዝ እና ሮበርት ግሪቭ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1980 እ.ኤ.አ. የ5 እና የ7 ዓመት ልጆችን ትርጉም የሌለው ነገር ጠየቁ። «ወተት ከውሃ ይተልቃል?» «ቀይ ከቢጫ ይከብዳል?» የሚል። ልጆቹ «ምን ማለት ነው?» አላሉም። አብዛኞቹ ምክንያት ሁሉ እየጨመሩ መለሱ። ትልቅ ሰው ከጠየቀ ጥያቄው ትርጉም አለው ብለው ያምናሉ። ልጅ እኛን ያምነናል። ጥያቄ በያዝን ቁጥር ይሄን እምነት ተሸክመን እንደምንሄድ ብናስብ እንዴት ጥሩ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ትርጉምሽ። «ፍርድ ቤት አልፈራም» የሚለውን እንይ። በእንግሊዝኛ የተሠሩ መጠይቆች ሆን ብለው አንዳንዱን ጥያቄ በአሉታ ያስቀምጣሉ። ሰው ሳያነብ ምልክት እንዳያደርግ ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። አንድን ልጅ «የቤት ሥራህን አልሠራህም?» በይው። አንዱ «አዎ» ይልሻል፣ አልሠራሁም ለማለት። ሌላው «አይ» ይልሻል፣ እሱም አልሠራሁም ለማለት። ፊቱን እያየሽ ስለሆነ አንቺ ይገባሻል። ወረቀት ላይ ግን ፊት የለም። «አልፈራም» ለሚለው «አልስማማም» ብሎ ምልክት ማድረግ እኮ አሉታን በአሉታ መፍታት ነው። አንቺም እኔም ቆም ብለን ነው የምናስበው፣ እንኳን የ10 ዓመት ልጅ። ስለዚህ «ያስፈራኛል» በይና ተይው። «አል...ም»ን ከልጆች መጠይቅ አውጪ።

ትርጉም የሚፈተሽበት የታወቀ መንገድ አለ። አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ አማርኛውን መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይወስደዋል። ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ይተያያሉ። ሪቻርድ ብሪስሊን በ1970 እ.ኤ.አ. የጻፈበት ከዚያ ወዲህ ዓለም የሚጠቀምበት ነው። አድርጊው። ግን እሱ ብቻ አይበቃሽም። ሁለቱም ተርጓሚዎች የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በደረቁ የመለሰውን ሌላው በደረቁ ይመልሰዋል፣ ወረቀቱም ልክ ይመስላል። እኔ ይበልጥ የማምነው ሌላውን ነው። አምስት ስድስት ልጆች ጋ ተራ በተራ ቁጭ በይ። ጥያቄውን ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። ከዚያ «ይሄ ምን እያለ ነው? ለታናሽ ወንድምህ ብትነግረው እንዴት ትለው ነበር?» በይው። እኔ አንድ ጊዜ «ጭንቀት ይሰማሃል?» የሚል ጥያቄ ይዤ እንዲህ አድርጌ ነበር። አንዲት ልጅ «ጭንቀትማ የእናቴ ነው፣ ስትወልድ» አለችኝ። የኔን ነገር «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ስላት ነው ያወቀችው። ያን ቀን ግማሹን ጥያቄ ሰረዝኩ።

ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ ሌላም አለ። ትምህርት ቤት በአማርኛ ከምትመልስልሽ ልጅ ጀርባ እቤቷ ሲዳሙ አፎ ወይም ወላይትኛ የምታወራ ልጅ ልትኖር ትችላለች። ፈርታ ያየችውን ነገር በየትኛው ቋንቋ ነው የምታስታውሰው? ይሄን ከመጀመሪያው ጠይቂ። የሲዳሙ አፎ ተናጋሪ የሆነ አጋር ጥናቱ ውስጥ አስገቢ። አስተርጓሚ ብቻ አድርገሽ ሳይሆን ከጥያቄው አወጣጥ ጀምሮ አብሮሽ የሚያስብ።

አሁን ክፍልሽን ልንካ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እንቅልፍ ያሳጣሽ እሱ ነው።

ሦስት ዝግጅት አያስፈልግሽም። አንድ ጉዳይ ይዘሽ ሦስት በር ክፈቺለት። ለሳይኮሎጂ ልጆችሽ የሎፍተስን ሥራ ውሰጂላቸው። ኤሊዛቤት ሎፍተስ እና ጆን ፓልመር በ1974 እ.ኤ.አ. ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩና ፍጥነቱን ጠየቁ። አንዱን ቡድን «ሲላተሙ»፣ ሌላውን «ሲነካኩ» በሚል ቃል። የተቀየረው ግሡ ብቻ ነው። «ሲላተሙ» የተባሉት በአማካይ ወደ 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገመቱ። «ሲነካኩ» የተባሉት ወደ 51። ይሄን በባጃጅ መሞከር ትችያለሽ። ከስልክሽ ሁለት ባጃጆች ሲነካኩ የሚያሳይ ቪዲዮ አሳዪ። ግማሹ ክፍል የሚደርሰው ወረቀት አንድ ግሥ ይኑረው፣ የግማሹ ሌላ። እኔ ክፍሌ ውስጥ ስሞክረው ውጤቱን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ፣ ለማዳመጥ የመጣ አንድ የሕግ ተማሪ ከኋላ ብድግ ብሎ «ቲቸር፣ ይሄማ መሪ ጥያቄ ነው!» አለ። መልሱን ራሱ የሚጠቁም ጥያቄ ማለቱ ነው። ክፍሉ ዞሮ አየው። የዚያን ቀን ማንም ሃንዳውት አልጠየቀኝም።

ለሕግ ተማሪዎችሽ በዚሁ በር ግቢ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 137 ላይ በዋና ጥያቄ ጊዜ፣ ማለትም ምስክሩን ያቀረበው ወገን ራሱ ሲጠይቀው፣ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መሪ ጥያቄ አይቀርብም ይላል። በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ፣ ተቃራኒው ወገን ሲጠይቅ፣ ግን ይፈቀዳል። ጓደኛሽ በቃሏ ነው የምታውቀው። እንግዲያው ይሄን ጠይቂያቸው፤ መስቀለኛ ጥያቄ የሚቀርብላት የ8 ዓመት ልጅ ብትሆንስ? ያቺ «አዎ ጋሼ» የምትለዋ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናትን በሚመለከት ማንኛውም ነገር ደኅንነታቸው ቅድሚያ ይሰጠው ይላል። ተከሳሹም ደግሞ ምስክሩን የመጠየቅ መብት አለው። ሁለቱን እንዴት ታስታርቂያለሽ? በዚህ ጥያቄ ላይ የሕግ ተማሪ አንቀላፍቶ አያውቅም። አንድ ነገር ልጨምርላቸው፤ ይሄን ዓይነት ሙከራ ቀድመው ከጀመሩት አንዱ የሕግ መምህር ነው። ፍራንዝ ፎን ሊስት በ1901 እ.ኤ.አ. ግድም በርሊን ክፍሉ ውስጥ ሁለት ተማሪዎችን ለማስመሰል አጣልቶ፣ ሽጉጥ ሁሉ አስወጥቶ፣ የቀሩትን «ያያችሁትን መስክሩ» አላቸው። ያለ ስህተት የመሰከረ አልነበረም። አንቺ ሽጉጡን ተዪው፣ የዛሬ ልጆች ብዙ አይተዋል።

መምህር ለሚሆኑት ደግሞ የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናውን ፒያዤን። ሁለት እኩል ብርጭቆ ውሃ ታሳያለሽ። «እኩል ናቸው?» ልጁ «አዎ» ይላል። አንዱን ወደ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ ትገለብጫለሽ። «አሁንስ?» ልጁ «ይሄኛው ይበልጣል» ይላል። ልጅ ገና አልበሰለም ተብሎ ተጻፈ። ሱዛን ሮዝ እና ማሪዮን ብላንክ በ1974 እ.ኤ.አ. ያንኑ ሙከራ በውሃ ፈንታ በተደረደሩ ነገሮች ሠሩት፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ አስቀሩና ድርድሩ ከተቀየረ በኋላ አንዴ ብቻ ጠየቁ። የ6 ዓመት ልጆች ስህተት ቀነሰ። ለካ ሁለተኛው ጥያቄ ራሱ «ተሳስተሃል፣ ቀይር» የሚል መልእክት ነበረው። የኛን ክፍል አስቢው። ልጅ ትክክል መልሷል፣ መምህሩ «እርግጠኛ ነህ?» ይላል። ልጁ መልሱን ቀይሮ ይቀመጣል። ፍርድ ቤትም አንድ ጥያቄ ሦስቴ ሲደጋገምበት ያው ነው። ነገ ክፍል የሚገቡት እነዚህ ተማሪዎችሽ ይሄ ከገባቸው በየዓመቱ ስንት ልጅ ይተርፋል።

«ከገባቸው» ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንቺስ ክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» ትያለሽ? 60 ሰው ባንድ ድምፅ «አዎ!» ይልሻል? እሱም «አዎ ጋሼ» ነው። እኔ ለዓመታት እንዲህ እያልኩ ነው ያስተማርኩት፣ ይቆጨኛል። በሱ ፈንታ የመጨረሻዎቹን 7 ደቂቃዎች ውሰጂና ደብተር ይዝጉ። ዛሬ የሰሙትን ሳያዩ ብጫቂ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ማርክ አትስጪው። ሮዲገር እና ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ናቸው የበለጡት። ሃንዳውቱንም አትከልክያቸው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ሰው በሚዞርበት አገር ሃንዳውት መጠየቅ ስንፍና አይደለም። ስጫቸው፤ ፈተናው ግን ከሱ ቃል በቃል አይውጣ።

ወደ ጥናቱ። እንደገና ስትነሺ በፍርድ ቤት ጉዳይ ያላቸውን ልጆች አትንኪ። ቁስል ላይ እጅ መስደድ ነው፣ ጉዳያቸውንም ልታበላሺ ትችያለሽ። ሰላማዊ በሆነ ነገር ጀምሪ። ሚሼል ላይክትማን እና ስቲቨን ሴሲ በ1995 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ እንግዳ ሰው የሕፃናት ክፍል ገብቶ ለ2 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወጣ። ምንም አላጠፋም። ከዚያ በፊት ለአንዳንዶቹ ልጆች «ይሄ ሰው እጁ አያርፍም፣ ነገር ይሰብራል» እየተባለ ተነግሯቸዋል። በኋላም በሚመራ ጥያቄ ተጠይቀዋል። ሁለቱም ከደረሱባቸው የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች 72 በመቶው ሰውየው መጽሐፍ ቀዷል ወይም አሻንጉሊት አቆሽሿል አሉ። ምንም ሳይባሉ በገለልተኛ ጥያቄ ከተጠየቁት እንዲህ ያሉት ጥቂት ናቸው። ያንቺ ልጆች ተለቅ ይላሉ፣ ውጤቱ እንዲህ ላይሆን ይችላል። ጥናት የሚያስፈልገውም ለዚያ ነው።

አንዲት የማያውቋት ሴት ክፍል ገብታ ተረት ትንገራቸው፣ ነጠላዋን ወንበር ላይ ረስታ ትውጣ። ከሳምንት በኋላ ግማሾቹን «የሆነውን ሁሉ ንገሩኝ» በሏቸው። ግማሾቹን «ቀይ ነጠላ ነበራት አይደል?» እያላችሁ። ለሁለቱም ቡድን ቀድማችሁ «አላውቅም ማለት ይቻላል፣ እኔ አልነበርኩም፣ ያየሽው አንቺ ነሽ» በሉ። ወይም ይሄን ለአንዱ ብቻ ብላችሁ ልዩነቱን እዩ። ለኛ ልጆች ትልቅ ሰውን «አላውቅም» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ብታሳዩ ከ48 ጥያቄ ይበልጣል። ከዚያ በፊት የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ይየው። ፈቃድ ከወላጅ፣ እሺታ ከልጁ። «አልፈልግም» ያለ ልጅ ምንም ሳይባል ይጫወት። ሲያልቅም እውነቱን ንገሯቸው።

የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች አስቀምጫቸው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሁለቱን ተቃራኒ ዓረፍተ ነገሮች አንድ ላይ «እስማማለሁ» ያሉትን ልጆች ቁጠሪ። ለአዲሱ ጥናት መነሻ ይሆንሻል፣ የተበላሸ መጠይቅ እንደነበረ በግልጽ ጽፈሽ።

ባልደረባሽን በተመለከተ። ሰውየው ክፉ ነው አልልም። እሱም ሲጀምር እንዲህ ተብሎ ይሆናል። ግን እነዚያ ልጆች ያላሉትን ነገር እንዳሉ አድርጎ ማተም ውሸት ነው። ነገ አንድ ዳኛ ወይም አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ያነበዋል። ክፍያ ተቀብሎ በሁለት ሳምንት የሚያወጣ ጆርናል ማንም አንብቦ አላረመውም ማለት ነው። ቆይቶ ስምሽን ጎትቶ የሚያወርድ ነገር ነው፣ ዕድገትሽንም ጭምር። በአደባባይ አትቃወሚው። ቡና ጋብዢውና ብቻውን እንዲህ በይው፦ «ለኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፣ አመሰግናለሁ። ግን ልጆቹ ጥያቄው አልገባቸውም። ይሄን ይዤ ብጽፍ ሌሊት አልተኛም። አዲሱን ስንጀምር ንድፉን አይተው ቢያርሙልን፣ ትንተናው ላይም ቢሠሩ ስምዎ በሚገባው ቦታ ይገባል።» በሩን ክፍት ተዪለት። ከሠራ ይግባ። ካልሠራ ምስጋና ላይ ይጠቀስ። ካንቺና ከጓደኛሽ ማን ቀድሞ እንደሚጻፍም ዛሬውኑ ተነጋገሩ፣ ወረቀቱ ሲያልቅ ከሚሆን።

ኤንጂኦውን ገንዘብ ቸግሮሽ ከሆነ ሂጂ፣ ማንም አይወቅስሽም። ከዚህ ሸሽተሽ ከሆነ ግን አንድ ሴሚስተር ታገሺ።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ ሂጂ። ወረቀት አትያዢ። መምህራቸውን አስፈቅደሽ በእረፍት ሰዓት ከአንድ ልጅ ጋር ዛፍ ሥር ቁጭ በይና «ያን ቀን ወረቀት የሞላችሁ ጊዜ የሆነውን ሁሉ ንገረኝ» በይው። ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።